ለማይለቅ የዓይን ድርቀት የትኛው ጠብታ ይሻላል? ጥቆማችሁን

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዓይኔ ካስቸገረኝ ቆይቷል። ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ቆብ ከዓይኔ ጋር የተጣበቀ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማንበብ ስጀምር ብዥ ይልብኛል፣ ዓይኔን ጨፈን ከፈት ሳደርገው ይጠራል። ሐኪም አየኝና "ድርቀት ነው፣ ሰው ሠራሽ እንባ ተጠቀሚ" አለኝ። የትኛውን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ፋርማሲ ስገባ መደርደሪያው ሙሉ ነው። በጠርሙስ ያለ አለ፣ አንዴ ተከፍቶ የሚጣል በትንንሽ ፕላስቲክ ያለ አለ፣ ጄል አለ፣ ቅባት አለ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ጠርሙሱ ይሻላል ወይስ ትንንሾቹ? የሚሞቅ የዓይን ጭምብልስ ከሙቅ ፎጣ በምን ይለያል? እባካችሁ፣ ራሳችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ጄል ወዳጅ፦
ጄል ግዢ እህቴ። ሌላ ነገር አትፈልጊ። ጠብታው ወዲያው ፈስሶ ያልቃል፣ ጄሉ ግን ወፍራም ስለሆነ ይቆያል። እኔ ከጄል ወዲያ ዓይኔ ውስጥ የማስገባው ነገር የለም።

ኮድ ጻፊው፦
ጄል ጥሩ ነው፣ ግን ለማታ። ቀን ላይ ካደረግሽው ለተወሰነ ጊዜ ብዥ ስለሚያደርግ ስክሪን ላይ መሥራት አይመችም፣ መኪና መንዳት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ቅባቱ ከጄሉም ይብሳል፣ ስትተኚ ብቻ ነው። ለቀን ቀጠን ያለውን ጠብታ ፈልጊ። የብራንዱን ስም ተይውና ከጀርባው የተጻፈውን አንብቢ። ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ፣ ሃይፕሮሜሎስ ወይም ሶዲየም ሃያሉሮኔት የሚል ታገኛለሽ። እኔ በሃያሉሮኔቱ ተሽሎኛል። ጓደኛዬ ደግሞ በሴሉሎሱ ነው የተሻለው። ከእነዚህ አንዱ ሌላውን በግልጽ ይበልጣል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለም። አንዱን ለጥቂት ሳምንታት ሞክሪው፣ ካልተስማማሽ ቀይሪው።

የልጆች እናት፦
ኧረ እባካችሁ፣ ማንም ሰው ፋርማሲ ላይ የተሰጠውን ዝም ብሎ ዓይኑ ውስጥ አያንጠባጥብ! እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ዓይኔ ይቀላና ይቆረቁረኝ ነበር። የሸጠልኝ ልጅ "ይኼ ወዲያው ያጠራዋል" አለኝ። እውነትም ወዲያው ነጭ አደረገው። ግን ሲለቀኝ ከበፊቱ ብሶ ይቀላል። እንደገና ስጨምር ይጠራል፣ እንደገና ይቀላል። ተስፋ ቆርጬ ሌላ ፋርማሲ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ሌላ ጠብታ ሰጡኝ። እሱ በጣም ተስማማኝ፣ ማቃጠሉም መቆርቆሩም ጠፋ። ለወራት ስጠቀምበት ከቆየሁ በኋላ የዓይን ሐኪም ጋ ስሄድ ጠርሙሱን አይታ "ይኼን ማን አዘዘልሽ?" አለችኝ። ስቴሮይድ ነበር። የዓይኔ ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። እስከ ዛሬ በክትትል ላይ ነኝ። ያለ ማዘዣ ነው የሸጡልኝ።

ሹፌሩ፦
ወይኔ! የትኛው ፋርማሲ ነው? ስሙን ተናገሪና ሌላው ሰው ይዳን።

የልጆች እናት፦
ስም አልጠራም። እዚያ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ለሁሉም ሰው ነው የምናገረው።

ታማኝ ደንበኛ፦
አዝናለሁ እህቴ፣ ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዪ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሄድበት ፋርማሲ አለ። ፋርማሲስቱ የቤተሰቤን ሁሉ ሕመም ያውቃል። እሱ የሰጠኝ ነገር አንድም ቀን ጎድቶኝ አያውቅም። ለዓይኔም እሱ የሰጠኝን ነው የምጠቀመው። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደተጻፈ አላነበብኩም፣ ማንበብም አያስፈልገኝም።

የልጆች እናት፦
እኔም አላነበብኩም ነበር ወንድሜ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ አንብበው።

ታማኝ ደንበኛ፦
እሱን አምነዋለሁ አልኩሽ እኮ።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
እዚህ ላይ ልግባ። እናትየዋ የነገረችን ነገር በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነው። ሁለት የተለያዩ ጠብታዎች ናቸው የገጠሟት።

የመጀመሪያው ቅላት የሚያጠፋው ነው። ቴትራሃይድሮዞሊን ወይም ናፋዞሊን የሚል ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። የሚሠራው የዓይንን ደም ሥሮች በማጥበብ ነው። እንባ አይጨምርም። መድኃኒቱ ሲለቅ ደም ሥሮቹ መልሰው ይሰፋሉ፣ ቅላቱም ከነበረው ብሶ ይመጣል። ለድርቀት መፍትሔ አይደለም።

ሁለተኛው ስቴሮይድ ነው። ዴክሳሜታሶን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቤታሜታሶን ከሚሉት አንዱን ካያችሁ ስቴሮይድ መሆኑን እወቁ። አንዳንዴ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ሰው አንቲባዮቲክ ብቻ ይመስለዋል። ቁጣውን ስለሚያበርድ ቶሎ እፎይ ያሰኛል፣ አሳሳቹም ይኼ ነው። በአንዳንድ ሰው የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግፊት ሲጨምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አይታወቅም። ሳይታይ ከቆየ የዓይን ነርቭ ወደሚጎዳበት በሽታ፣ ወደ ግላኮማ ሊሄድ ይችላል፣ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም። የሞራ ግርዶሽም ሊያመጣ ይችላል። የዓይን ሐኪሞች ለከባድ ድርቀት ስቴሮይድ የሚያዙበት ጊዜ አለ፣ ግን ለአጭር ጊዜና ግፊቱን እየለኩ ነው። አሁን ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጠብታ ካለ፣ በተለይ ስትጠቀሙበት የቆያችሁ ከሆነ፣ ግፊታችሁን ተለኩ።

ጥቁር መነጽር፦
ሁላችሁም ስለ ጠብታ ትጨቃጨቃላችሁ። ችግሩ የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል መነጽር ይግዙላት፣ ያልቃል። እኔ ካደረግኩት ወዲህ ሰላም ነኝ።

ኮድ ጻፊው፦
ኮክሬን የሚባል የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ግምገማ አለ። እነዚህ መነጽሮች ከተራው ሌንስ ጋር ሲወዳደሩ በስክሪን የሚመጣውን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ ውስጥ ላይቀንሱት ይችላሉ ነው የሚለው። ስክሪን ዓይን የሚያደርቀው በሌላ መንገድ ነው። አፍጥጠን ስናይ ዓይናችንን የምናርገበግበው በጣም ይቀንሳል፣ ስናርገበግብም ቆቡ እስከ ታች አይደርስም። ስለዚህ እንባው ይተናል።

ጥቁር መነጽር፦
እኔ ግን ተሽሎኛል። ጥናቱ የኔን ዓይን አላየም።

ዝምተኛው፦
ልጅቷ የጠየቀችው "ጠርሙስ ወይስ ትንንሾቹ" ብላ ነበር። እስካሁን መነጽር ታዞላታል፣ የአንድ ፋርማሲስት የሕይወት ታሪክ ተተርኮላታል፣ ግላኮማም ተነግሯታል። እንኳን ደስ አላት። ትንሽ ብትጠብቅ ጥርስ ሐኪምም ትጠቁሟታላችሁ።

የልጆች እናት፦
ዓይኔን ላጣ ነበር እኮ ነው የምለው። ይኼ ቀልድ አይደለም።

ዝምተኛው፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ያንቺን ማለቴ አይደለም። በጣም ያስፈለገ ነገር ነው የተናገርሽው። እሺ፣ ጥያቄውን እኔ ልመልስ።

የጠርሙስ ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ ጀርም እንዳያበቅል ማቆያ ኬሚካል ይጨመርበታል። የተለመደው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። ይኼ ኬሚካል ሲደጋገም የዓይንን ገጽ ራሱ ያስቆጣል። ስለዚህ ምርጫው ያለው በቀን ስንቴ እንደምትጠቀሚ ላይ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነ ጠርሙሱ ይበቃሻል፣ ዋጋውም ይቀላል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ግን ማቆያ የሌለውን ያዢ። ትንንሾቹ ማለት ናቸው። ውድ ናቸው፣ አልዋሽሽም። ማቆያ የሌለው ሆኖ ልዩ አፍ ባለው ጠርሙስ የሚመጣም አለ፣ ካገኘሽ እሱ ይቆጥብልሻል።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት። ማቆያ የለውም ማለት ጥንቃቄ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፣ እንዲያውም የበለጠ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ማቆያ የሌለው አንድ ሰው ሠራሽ እንባ በባክቴሪያ ተበክሎ ከገበያ ተሰብስቧል። ዓይናቸውን ያጡ፣ የሞቱም ነበሩ። የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍትሽን ወይም ጣትሽን አይንካ። ትንንሾቹን ከፍተሽ ለነገ አታስቀምጪ። ጠርሙስ ከሆነ የተከፈተበትን ቀን ጻፊበት፣ ብዙዎቹ ከአራት ሳምንት በኋላ ይጣላሉ። የያንዳንዱ ግን ወረቀቱ ላይ አለ።

ሲጨመር ደግሞ አንድ ጠብታ ይበቃል። ዓይን ከዚያ በላይ አይዝም፣ የተረፈው ጉንጭ ላይ ነው የሚፈሰው። ሌላ ጠብታ ካለሽ በመካከሉ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ቅባት መጨረሻ ላይ ነው።

አነባለሁ፦
ይቅርታ፣ የኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዓይኔ ያነባል፣ ንፋስ ሲነካኝማ ይወርዳል። ግን ሐኪሙ "ድርቀት አለብህ" አለኝ። እንባ እየወረደ እንዴት ድርቀት ይባላል? ሌላ ሐኪም ልፈልግ?

የዓይን ክፍል ነርስ፦
ሐኪሙ ትክክል ሊሆን ይችላል። እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ላዩን የሚሸፍነው ስስ ዘይት አለ። ዘይቱን የሚያመነጩት በቆብ ጠርዝ ላይ ተደርድረው የሚገኙት የሜይቦሚያን ዕጢዎች ናቸው። ዕጢዎቹ ሲደፈኑ ዘይቱ ይጎድላል፣ እንባው ቶሎ ይተናል። ዓይን ሲደርቅ ይቆጣና ብዙ ውኃ ባንዴ ይለቃል። ያ ውኃ ዘይት ስለሌለው አይቆይም፣ ይፈስሳል። ብዙ ሰው ድርቀት የሚይዘው ከዚህ የዘይት ችግር ጋር በተያያዘ ነው። የጠያቂዋ ሁለተኛ ጥያቄም መልሱ እዚህ ነው ያለው። ሙቀት የሚያስፈልገው የደፈነውን ዘይት ለማቅለጥ ነው።

ኮድ ጻፊው፦
ጭምብሉን እኔ አለኝ። ልዩነቱ ሙቀቱን መያዙ ላይ ነው። ፎጣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ ደጋግመሽ ሙቅ ውኃ ውስጥ ካልነከርሽው ሥራ አይሠራም። ጭምብሉ እስከ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚፈለገው፣ ቆዳ የሚያቃጥል መሆን የለበትም። ከዚያ ቆብሽን በጣትሽ ወደ ሽፋሽፍትሽ አቅጣጫ ቀስ አድርገሽ እሺው፣ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ። ዓይኑን ራሱን አትጫኚው። ፎጣውን ለመቀያየር ትዕግሥት ካለሽ ጭምብል ባትገዢም ምንም አይቀርብሽም። እኔ ስለሌለኝ ነው የገዛሁት።

ዓሣ ዘይት፦
ኦሜጋ ሦስት ካፕሱል ማንም አልጠቀሰም? ከውስጥ ነው መታከም ያለበት!

ዝምተኛው፦
እሱ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፣ ከ500 በላይ ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። በቀን 3 ግራም ኦሜጋ ሦስት የወሰዱትና የወይራ ዘይት ካፕሱል የወሰዱት ሁለቱም ተሻላቸው። በመካከላቸው ግን ይኼ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ዓሣ ዘይት፦
ይሁን፣ እኔ አላቆምም።

አፌም ይደርቃል፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አፍሽስ ይደርቃል? መገጣጠሚያሽን ያምሻል? እኔ ዓይኔ ደረቀ ብዬ ጠብታ ስለዋውጥ ብዙ ቆየሁ። ኋላ በደም ምርመራና በሌላ ምርመራ ሾግረን የሚባል በሽታ ተገኘብኝ። ሰውነት የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢ የሚያጠቃበት ነው። ለዚህ ጠብታ ብቻውን አይበቃም። ሐኪሜ ሳይክሎስፖሪን የሚባል ጠብታ አዘዘልኝ፣ ውጤቱ ወራት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይም ይለበልባል። እንባ የሚወርድበትን ቀዳዳ የምትዘጋ ትንሽ መሰኪያም አስገቡልኝ። አያምም። ያለሽ እንባ ዓይንሽ ላይ እንዲቆይ ነው።

ሁሉም ሰው ይኼ አለበት ማለቴ አይደለም። ብቻ የትኛው ዓይነት ድርቀት እንደሆነ ሳይታወቅ ጠብታ መምረጥ በጨለማ መደናበር ነው። የእንባውን መጠን የሚለኩበት ቀላል ምርመራ አለ። ትንሽ ወረቀት የታችኛው ቆብሽ ላይ አጥፈው ለ5 ደቂቃ ያስቀምጡና ስንት ሚሊ ሜትር እንደረጠበ ያያሉ። ሽርመር ይሉታል። ጠይቂያቸው።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ በተለይ እርስዎን እናቴ። አፌ አይደርቅም። ግን አሁን ሳስበው የአለርጂ ኪኒን አዘውትሬ እወስዳለሁ። እሱ ያደርቃል እንዴ?

የዓይን ክፍል ነርስ፦
አዎ፣ ሊያደርቅ ይችላል። የአለርጂ ኪኒኖች፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን፣ እነዚህ ሁሉ ዓይን ያደርቃሉ። በራስሽ እንዳታቆሚው። ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪውና አማራጭ ካለ ይይልሽ። ሕመም ከመጣ፣ ዓይንሽ ብርሃን መቋቋም ካቃተው ወይም ዕይታሽ ከቀነሰ ግን ጠብታ መምረጡን ተይና በዚያው ቀን ታዪ።

ታማኝ ደንበኛ፦
የኔ ፋርማሲስት ስለ አለርጂ ኪኒኑም ሊነግራት ይችል ነበር።

ሌንስ አድራጊ፦
እኔስ? ኮንታክት ሌንስ ነው የማደርገው። ሌንሱ ላይ ጠብታውን ማድረግ እችላለሁ?

ዝምተኛው፦
ማቆያ ያለበት ከሆነ ሌንሱን አውልቀሽ ነው፣ መልሰሽ ከማድረግሽ በፊትም 15 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ኬሚካሉን ሌንሱ ይመጠዋል። ለሌንስ ተብሎ የተሠራ ጠብታ አለ፣ እሽጉ ላይ ተጽፏል።

ሹፌሩ፦
ጠያቂዋ፣ በመጨረሻ የትኛውን ያዝሽ? ንገሪን እንጂ፣ እኔም ልገዛ ነው። እስከዚያው ግን ከኔ ልምድ አንድ ነገር ውሰጂ። መኪና ውስጥም ቢሮ ውስጥም የኤሲው ወይም የቬንትሌተሩ ነፋስ ፊትሽ ላይ አይምጣ። እኔ አቅጣጫውን ወደ እግሬ ሳዞረው ግማሹ መቆርቆር ቀርቶልኛል። ኮምፒውተርሽንም ከዓይንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ወደ ታች ስታዪ ቆብሽ ከዓይንሽ ብዙውን ይሸፍናል።