ፔይንትቦል ላይ ሁለት ሊግ መኖሩ ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

ባለ68
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የድሮ የፔይንትቦል (በቀለም ኳስ እየተታኮሱ የሚጋጠሙበት ጨዋታ) ውድድር ቪዲዮ ሳይ ነው የማመሸው። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እ.ኤ.አ. ከ2003 በኋላ ባሉት ዓመታት አንዱ ቪዲዮ ላይ ሰባት ለሰባት ይጫወታሉ፣ ሌላው ላይ አምስት ለአምስት። ቡድኖቹ ግን ያው ናቸው። ሳንዲያጎ ዳይናስቲ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። ታዲያ የአሜሪካ ሻምፒዮን ማን ነበር? አንዱ ጓደኛዬ «ሁለት ሊግ ስለነበረ ነው፣ ስፖርቱን ያሳደገውም ፉክክሩ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «የገደለውማ እሱ ነው» ይላል። ሌላ ቦታ ሁለት ነጋዴ ከተፎካከረ ገዢው ነው የሚያተርፈው። እዚህ ምን ተለየ?

የኋላ መስመር
ሻምፒዮኑ ሁለት ነበር፣ አለቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኤንፒፒኤል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቡድኖቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ሊግ ነው። በኋላ ውድድሩን ያዘጋጁ የነበሩት ሰዎች ፒኤስፒ ናቸው። ከ2002 ውድድር ዘመን በኋላ ተለያዩ። ኤንፒፒኤል ስሙን ይዞ ወጣና በ2003 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሀንቲንግተን ቢች ላይ፣ አሸዋው ላይ፣ የሰባት ለሰባት ሜዳ ተከለ። ፒኤስፒ ደግሞ ኤክስቦልን፣ ያንን አምስት ለአምስቱን፣ ይዞ ቀጠለ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ገዢው የሚያተርፈው መምረጥ ሲችል ነው። እዚህ ገዢው ማን ነው? ተመልካች እንዳትለኝ። ሊጉን ያኖረው ለመጫወት የሚከፍለው ቡድን ነው፣ በተለይ ማንም ስማቸውን የማያውቃቸው አማተር ቡድኖች። ትልልቆቹ ደግሞ መምረጥ አይችሉም፤ ስፖንሰሩ ማሊያው በሁለቱም ሜዳ እንዲታይለት ይፈልጋላ። ስለዚህ እዚህም ምዝገባ ይከፍላሉ፣ እዚያም ይከፍላሉ፣ ለሁለቱም ይበራሉ፣ ሆቴል ያድራሉ፣ ለሁለት ዓይነት ጨዋታ ይለማመዳሉ። ሁለት ሱቅ ዋጋ ተፎካከሩ የሚባል ነገር አይደለም። አንዱን ኪስ በግራና በቀኝ ነው የገቡበት።

ቃታ
የኋላ መስመር ልክ ብለሃል፣ ግን ከሜዳው ውስጥ ላሳያችሁ። እኔ አማተር ሆኜ ሁለቱንም ተጫውቻለሁ። ኤንፒፒኤል ጋ ማርከሩ (የቀለም ኳሱን የሚተኩሰው መሣሪያ) አንድ ቃታ ስትስብ አንድ ኳስ ብቻ ነው የሚተኩሰው። የፍጥነት ገደብ የለውም፣ ጣትህ የቻለውን ያህል። ፒኤስፒ ጋ ራምፒንግ ይፈቀድ ነበር፤ ቃታውን ቶሎ ቶሎ ከነካካኸው ማሽኑ ራሱ ይጨምርልሃል፣ ገደቡ በዚያን ጊዜ በሰከንድ 15 ኳስ ነበር። አንድ ማርከር፣ ሁለት ሕግ።

አንዴ ኤክስቦል ተጫውተን በሁለት ሳምንቱ ወደ ሰባት ለሰባቱ ሄድን። እኔ የማርከሩን የአተኳኮስ ሞድ መቀየር ረሳሁት። ጨዋታው መሃል ዳኛው ከኋላ መጥቶ ማርከሬን ከእጄ ወሰደና ቃታውን ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ለብቻው ቀጠለ። ዳኛው ቀና ብሎ ሲያየኝ የነበረውን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኔ ብቻ ብወጣ ጥሩ ነበር፣ ሌሎች የቡድኔን ልጆችም ይዤ ወጣሁ። ለአንድ ወር ማንም ውኃ አላቀበለኝም ማለት ይቻላል።

ደግሞ ኳሱን አስሉት። በሰከንድ 15 ከሆነ 200 ኳስ የሚይዝ ሆፐር (የኳሱ ማጠራቀሚያ) በ13 ሰከንድ ባዶ ይሆናል። አንድ ካርቶን 2,000 ኳስ ነው፤ ተኩሱን ሳታቋርጥ ከቀጠልክ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። ሊጎቹ ማን የበለጠ ጩኸት ያለው ትርኢት ያሳያል ሲባባሉ ሂሳቡ እኛ ጋ ነበር የሚመጣው።

አሸዋው ላይ
እኔ አልስማማም፣ ይቅርታ። ሁሉን ነገር በደረሰኝ አትለኩት። ውድድሩን ባሕር ዳርቻ ላይ፣ መንገደኛ ዋናውን ትቶ ቆሞ የሚያይበት ቦታ ላይ ማምጣት ማን አሰበ? ተፎካካሪ ያለበት ሊግ ነው ያሰበው። ኤክስቦልስ? ነጥብ ይቆጠራል፣ ቅጣት የተሰጠው ተጫዋች እንደ ሆኪ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሜዳው ጎን አሰልጣኝ ይጮሃል። ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው የሚገባ ጨዋታ ሆነ። ብቻውን የሆነ ሊግ ይህን ሁሉ ለመሞከር ምን ያስቸኩለዋል?

እና «ፉክክሩ ገደለው» ለሚለው ጓደኛህ ይህን ንገረው። የ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ሁለቱም ተመቱ። ኤንፒፒኤል በ2009 መጀመሪያ ተዘጋ፣ ዩኤስፒኤል የሚባል ሌላ አካል ሰባት ለሰባቱን አነሳው፣ በኋላ የድሮውን ስም መልሰው እስከ 2013 ቆዩ። ከዚያ በኋላ ፒኤስፒ ሜዳው ለብቻው ቀረለት አይደል? አንድ ዓመት። 2014 የመጨረሻው ሆነ፣ በ2015 ኤንኤክስኤል የሚባል ሊግ ቦታውን ያዘ። ተፎካካሪው ችግሩ ቢሆን ኖሮ ያ ዓመት የሠርግ ዓመት መሆን ነበረበት።

የኋላ መስመር
እሺ፣ ይህቺን አልጠበቅኳትም። በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም። ግን ልብ በል፣ እስከ 2013 ድረስ የደማው ቡድን በአንድ ዓመት አያገግምም። ብዙ አማተር ቡድን ፈርሷል፣ ልጆቹ ሥራ ይዘዋል፣ ልጅ ወልደዋል። ፒኤስፒ ቀድሞ የጎዳው ደንበኛ ነው የጠፋው። ይልቅ አውሮፓን ተመልከት፤ የዚያው ሊግ ሚሌኒየም ሲሪስ ከውቅያኖስ ማዶ ስለሆነ የፒኤስፒ ጠላት አልነበረም። የሩሲያው ቡድን ሩሺያን ሌጅን እዚያም እዚህም ተጫውቷል፣ ጨዋታው ስለሚቀራረብ ብዙም አይቸግረውም። ክፉው ነገር ሁለት መሆናቸው አይመስለኝም፤ እዚያው ሰፈር ሆነው በሁለት ሕግ ማጫወታቸው ነው።

ቃታ
እሱን እቀበላለሁ። ሕጉ አንድ ቢሆን እኔም ያን ቀን አልዋረድም ነበር 😅 የተኩሱ ገደብም ቀስ በቀስ ከ15 ወደ 10 ገደማ ወርዷል፣ ኪስም ጆሮም አረፈ።

ባለ68
አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ዛሬ ማታ የቱን ልይ ታዲያ?

አሸዋው ላይ
ሁለቱንም። ሰባት ለሰባቱ ላይ ሁለት ለአንድ ሲቀሩ ባንዲራውን ማን ሮጦ እንደሚያነሳ እይ። ኤክስቦሉ ላይ ግን ሜዳውን ለአንዴ ተወውና ከጎን የሚጮሁትን ስማ። ስም አይጠሩም፣ ቁጥርና ኮድ ነው። ትንሽ ከሰማህ በኋላ የትኛው መከለያ ጀርባ ሰው እንዳለ ሳታየው ታውቃለህ።