የእንስሳት ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ነኝ፤ ልተወው ወይስ ልጨርሰው?

የደምበጫው ልጅ (ጥያቄ)
ሰላም ወገኖች። የመጀመሪያ ምርጫዬ የሰው ሕክምና ነበር፤ ነጥቤ አልደረሰም፣ የእንስሳት ደረሰኝ። አብረውኝ የገቡት በአራት ዓመት ይመረቃሉ፣ የእኔ ስድስት ነው። ሰፈር ስገባ «የላም ዶክተር መጣ» ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ ቡሬ የእህል መጋዘን አለው፤ «ተወውና ና፣ አብረን እንሥራ» እያለኝ ነው። እናቴ አልሰማችም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የወረዳ ሐኪም
ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተው ነው የገባሁት። ደሞዙ አያኮራም። ሞተሩ ይኖርና ቤንዚን ይጠፋል። ይህን ደብቄ «በርታ» ብልህ ዋሾ ነኝ።

ግን እስካሁን ያየኸው አብዛኛው ወረቀት ነው። ባለፈው ክረምት ሌሊት ተደወለልኝ። ላሚቱ ስታምጥ አምሽታለች፤ ጥጃው አንገቱን ወደ ኋላ አጥፏል። ጓንት አልቆብኛል። እጄን እስከ ብብቴ በሳሙና ታጥቤ አስገባሁ። ጥጃውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ አንገቱን አቃናሁት፣ የፊት እግሮቹን በገመድ አሰርኩ። ስታምጥ እስባለሁ፣ ስታርፍ አርፋለሁ። ወጣ፤ አይተነፍስም። አፍንጫውን በጭድ ስኮረኩረው አስነጠሰ! ባለቤቷ እማማ አንዲት ቃል አልተናገሩም። አስታጠቡኝና እርጎ አመጡልኝ። የልጆቹ ደብተር የሚገዛው ከዚያች ላም ቅቤ ነው።

ይህን ክረምት አቅራቢያህ ያለ የእንስሳት ክሊኒክ ሄደህ በነጻ ሥራ። ከዚያ ወስን።

ቢላዋ
ወረዳ ብቻ አይደለም እኮ። እኔ ቄራ ሥጋ መርማሪ ነኝ። ሰው ጥሬ ሥጋ በሚወድበት አገር የኮሶ እጭ ያለበትን የምናስቀረው እኛ ነን። ቢሾፍቱ ክትባት የሚያመርት ተቋም አለ፣ የዶሮና የወተት እርባታ አለ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤትም ያበላል።

ጠፍቶ የተመለሰው
አጎትህ ጋ ከሄድክም ዝም ብለህ አትጥፋ። እኔ ጠፍቼ ነበር፤ ለመመለስ ሁለት ዓመት ደጅ ጠናሁ። ሬጅስትራር ሄደህ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሙላ፣ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ያዝ። የመውጫ ፈተናውንም አስበው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም፤ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ትምህርት) ቶሎ ይረሳል።

የቢቸናዋ
«የላም ዶክተር» ያሉህን ወይፈናቸውን አባ ጎርባ ሲይዘው ማን ጋ እንደሚሮጡ ጠይቅልኝ። ለእናትህ ግን ዛሬውኑ ንገራት፤ ከጎረቤት ከሰማች ሌላ ጣጣ ነው።

የደምበጫው ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ ነገርኳት፤ አጎቴን ደውላ ተቆጣችው 😅። እሱንም እስከ መስከረም ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። ክሊኒኩ ሰኞ ና ብሎኛል። ያ እስከ ብብት የሚደርሰው ጓንት የት ይሸጣል?

የወረዳ ሐኪም
ባሕር ዳር የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ጋ ጠይቅ። ሲያልቅብህም ጥፍርህን መቁረጥ አትርሳ።