ክራር ስቀዳ የሚገባብኝ የፍንዳታ ድምፅ

ሰላም ወገን። ቤት ውስጥ ክራር እየቀዳሁ ነው። ያለኝ ባለ 8 ጊጋ ራም ዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የማይኩን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው ሳጥን) እና አንድ ኮንደንሰር ማይክ ነው። ቅጂው በ48 ኪሎኸርዝ፣ በፈሩ (ላፕቶፑ ድምፁን ለጊዜው የሚያጠራቅምበት ቋት) 128። በየመሀሉ ፈንዲሻ ድስት ውስጥ ሲፈነዳ ዓይነት ጧ ጧ ይላል፣ በተለይ ክሩ ተመትቶ ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ጎልቶ ይሰማል፤ ትዝታ ላይ ደግሞ ነፍሱ ያለችው እዚያ ጋ ነው። በፈሩን ወደ 512 አሳደግኩት፣ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ገመድ ቀየርኩ፣ ዋይፋይ አጠፋሁ፣ የኢንተርፌሱን የራሱን አሲዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁ ሳይዘገይ ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር ጫንኩ፣ ያው ነው። ጌኑም (የማይኩ ድምፅ የሚጎላበት መጠን) ቀይ አይነካም። የተቀዳውን አጉልቼ ሳየው ሞገዱ በምላጭ እንደተቆረጠ ሆኖ ድንገት ይዘላል። ችግሩ የላፕቶፑ ይሁን የኢንተርፌሱ፣ አዲስ ዕቃ ሳልገዛ በምን ለይቼ ልወቅ?