ፓንኬኩ ጠፍጣፋ፣ ፎቶው ቢጫ፦ ችግሩ የት ነው?

ጠያቂ፦ ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀላል ቀላል ነገሮችን ቤት ውስጥ እየሠራሁ ፎቶ ማንሳት ጀምሬ ነበር፤ ፓንኬክ ላይ ስደርስ ግን እምቢ አለኝ። የምጠቀመው 1 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ወተት፣ 1 እንቁላል እና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ላዩ ቡራቡሬ ሆኖ ቶሎ ይጠቁራል፣ መሃሉ ግን ገና ሊጥ ነው። ሲቀመስም ሳሙና ሳሙና ይላል።

ፎቶውን የማነሳው ማታ ማታ በአምፖል ብርሃን፣ በስልክ ነው። ሁሉም ነገር ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ጠጋ ብዬ ሳነሳ ደግሞ የፊተኛው ጠርዝ ያበጠ፣ ሳህኑም የተንጋደደ ይመስላል። ካሜራ ልግዛ ወይስ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው?

መጥበሻና ሚዛን

ካሜራውን ተይው። ግማሹ ችግር ሊጡ ውስጥ ነው ያለው።

ሶዳ ብቻውን ሊጥ አይነፋም፤ እርጎ ወይም የሎሚ ጭማቂን የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል። አንቺ ጋ ኮምጣጣ ነገር ስለሌለ ሶዳው እንዳለ ይቀራል፤ ሳሙና የሚለው ጣዕም እሱ ነው። ሶዳ የተረፈበት ሊጥ ከውጭ ቶሎ ስለሚጠቁር ደግሞ ውስጡ ሳይበስል ከእሳት ታወጪዋለሽ። በሱ ፋንታ ቤኪንግ ፓውደር ተጠቀሚ፤ ሶዳውም አሲዱም አንድ ላይ አሉበት። የቆየ ፓውደር ካለሽ ከሱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወስደሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሪና እዪው። ወዲያው ካልተንቸፈቸፈ ጣይው።

ሁለተኛው ነገር ወተቱ ነው። ለ1 ኩባያ (125 ግራም ገደማ) ዱቄት አንድ ሙሉ ኩባያ ወተት በጣም ቀጭን ሊጥ ይሰጣል፤ ቀጭን ሊጥ ደግሞ ከፍ ከማለት ይልቅ ወደ ጎን ይፈሳል። ይህን ሞክሪ፦ ዱቄት 125 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደር 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ወተት 150 ሚሊ ሊትር፣ እንቁላል 1፣ ቀልጦ የበረደ ቅቤ 20 ግራም። ሚዛን ከሌለሽ ዱቄቱን በማንኪያ እያደረግሽ ኩባያውን ሙዪና አፉን በቢላ ጀርባ ጥረጊው። በኩባያው ዝቀሽ ከሞላሽ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ሊጡ ይደርቅብሻል።

ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ አዋህጂ፤ ከዚያ አንድ ላይ አድርገሽ ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አማስይ። ትንንሽ ጓል ቢቀር ምንም አይደለም። ጓሉን ለማጥፋት ብዙ ከመታሽው ግሉተኑ (ሊጡን የሚለጠጥ የሚያደርገው የዱቄቱ ፕሮቲን) ይጠነክርና ፓንኬኩ እንደ ላስቲክ ይሆናል። 10 ደቂቃ አሳርፊው።

ቡራቡሬ የሚያደርገው የዘይት ብዛት ነው። ዘይቱ ኩሬ በሠራበት ቦታ ሊጡ ይጠበሳል፣ ባልደረሰበት ይነጣል። መጥበሻውን ከመካከለኛ ዝቅ ባለ እሳት 3 ደቂቃ ያህል አሙቂ፣ ጥቂት ዘይት ቀቢና በወረቀት ጥረጊው፤ ደረቅ እስኪመስል ድረስ። ሩብ ኩባያ ሊጥ አንድ ቦታ ላይ አፍስሺ፣ እጅሽን አታዙሪ። የምትገለብጪው አረፋው ፈንድቶ ቀዳዳው ሳይደፈን ሲቀር፣ ዳር ዳሩም ወዙ ሲጠፋ ነው፤ 2 ደቂቃ ገደማ። ሌላው ጎን 1 ደቂቃ ይበቃዋል። በመገልበጫው አትጫኚው፤ የነፋውን አየር ታስወጪበታለሽ።

ጎነ መስኮት

ፎቶውን እኔ ልውሰደው።

ቢጫው ከአምፖሉ ነው። በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ የቤቱን መብራት በሙሉ አጥፍተሽ አንሺ። አምፖሉንና የቀን ብርሃኑን ከቀላቀልሽ ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ብርቱካናማ ይወጣል፤ እሱን በኤዲት ማስተካከል ጣጣ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ነጭ ስስ መጋረጃ ጋርጂበት። ፍላሽ በጭራሽ።

መስኮቱ ከጎን ወይም ትንሽ ከኋላ ይሁን እንጂ ከጀርባሽ አይሁን። ከጀርባሽ የሚመጣ ብርሃን ጥላውን ስለሚያጠፋው የፓንኬኩ ስፖንጅነት አይታይም። ጥላው ከጠቆረ ከመስኮቱ በተቃራኒ ነጭ ወረቀት አቁሚ።

ጠርዙ የሚያብጠው በሰፊው ሌንስ በጣም ስለምትጠጊ ነው። ወደ ኋላ ሽሺና 2 እጥፍ ዙም አድርጊ። አንዳንድ ስልክ ስትጠጊ ራሱ ወደ ማክሮ (በጣም ቀርቦ ማንሻ) ይቀይራል፤ እሱን አጥፊው። ለድርድሩ (አንዱ ባንዱ ላይ ለተደረደረው ፓንኬክ) ስልኩን ዝቅ አድርጊ፣ ከሳህኑ ከፍታ ትንሽ ብቻ ከፍ ይበል። ከላይ ወደ ታች ካነሳሽው አንድ ፓንኬክ ብቻ ነው የሚታየው። ፎከስ የምትፈልጊበትን ቦታ ተጭነሽ ያዢና ቆልፊው፣ ብርሃኑንም በጣትሽ ትንሽ ቀንሺ፤ ነጩ ሳህን ብርሃን በዝቶበት ፎቶው ላይ ከተቃጠለ በኋላ አይመለስም። እና ሌንሱን ጥረጊ! ኩሽና ውስጥ ቅባት የነካው ሌንስ ሁሉንም ነገር ጭጋግ ያስመስለዋል።

ቀስ በይ

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን ቅደም ተከተሉን ዘለላችሁት። ፎቶው የሚዘጋጀው እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ነው። ሊጡ በሚያርፍበት 10 ደቂቃ ሳህኑን መስኮቱ ጋ አስቀምጪ፣ ሌላ ማንኛውንም ነገር በፓንኬኩ ቦታ አድርገሽ ማዕዘኑን፣ ፎከሱን፣ ብርሃኑን ጨርሺ። ስልኩን በመጻሕፍት አስደግፊና ታይመሩን 3 ሴኮንድ አድርጊው።

በነገራችን ላይ ሊጡን ከ10 ደቂቃ ብዙ አታቆዪው፤ የፓውደሩ ጉልበት እያለቀ ይሄዳል። የመጀመሪያው ፓንኬክ ብዙ ጊዜ ለፎቶ አይሆንም፣ መጥበሻው ገና እየተስተካከለ ስለሆነ ከታች አድርጊው።

ጀማሪዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማርና ቅቤ ሳደርግበትስ? ካሜራውን እስካነሳ ማሩ ይጠፋል፣ ቅቤውም ዘይት ይሆናል።

ጎነ መስኮት

ማሩን መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ያለ ማር ጥቂት አንሺ፣ ከዚያ በአንድ እጅሽ ስታፈሺ በሌላው ተከታታይ ፎቶ አንሺ። የላይኛው ፓንኬክ ትንሽ ከበረደ ማሩ ቶሎ ሰርጎ አይገባም፣ በጠርዙም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቅቤው ከፍሪጅ የወጣ ይሁን፤ በሙቅ ውሃ በነከርሽው ቢላ ከቆረጥሽው ጠርዙ ቀጥ ይላል። መቅለጥ የሚጀምረው ወዲያው ስለሆነ ካስቀመጥሽ በኋላ ሳህኑን ለማስተካከል አትሞክሪ።

መጥበሻና ሚዛን

ድርድሩ እንዳይሰምጥ በየመሃሉ ካርቶን የሚያስገቡ አሉ። ልትበይው ከሆነ ካርቶኑን ትተሽ የመጋገሪያ ወረቀት በክብ ቁረጪ፤ ከፓንኬኩ 2 ሴንቲ ሜትር ጠበብ ካለ ከውጭ አይታይም። ባለ 6 ድርድር ላይ ሁለት ቦታ ይበቃል።