የፊት ፍሬኑ ሪኮል ወጥቶበታል ተባልኩ፤ ጎንደር ሆኜ እንዴት ላሠራው?

የአዘዞው ልጅ፦
ሰላም ሞተረኞች። ሞተሬን ሁለተኛ እጅ ነው የገዛሁት፣ ዓመት ከምናምን ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት ከጎሃ ሆቴል ቁልቁል ስወርድ የፊት ፍሬኑን ስጨብጠው እጀታው መሪው ላይ ተለጠፈ። ደገምኩት፣ ባዶ። በሦስተኛው ያዘልኝ። ከፊቴ እንጨት የተጫነች አህያ ነበረች፤ በመሃላችን ክንድ የሚሆን ነው የቀረው። ባለቤቴ ከኋላዬ ነበረች፣ ከዚያ ወዲህ አልወጣም ብላለች፣ አልፈርድባትም። ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ ሲያጣራልኝ ለካ ፋብሪካው ራሱ በፍሬኑ ማስተር (እጀታው ጋ ሆኖ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ምክንያት ሪኮል አውጥቷል፤ ጉድለት አለበትና ለጥገና ይምጣ ብሎ ጠርቶታል ማለት ነው። የሸጠልኝ ሰውዬ ግን "ዘይት ጨምርበት" ብሎ ስልኩን ዘጋው። የሰፈር መካኒክ አየሩን አስወጣልኝ፤ ሦስት ቀን ደህና ሆኖ ተመልሶ ላላ። ምን ላድርግ?

ከማራኪ፦
እንኳን ተረፋችሁ ወንድሜ። አሁኑኑ አቁመው። ከዚያ የሻንሲ ቁጥሩን እይ። ሪኮል ሞዴሉን በሙሉ ላይመለከት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር የተመረተው ተብሎ ነው የሚወጣው። ቁጥሩ መሪው ስር፣ የሻንሲው አንገት ላይ ተቀርጿል። ጭቃውን ጠርገህ ፎቶ አንሳው፣ ከሊብሬው ጋር አመሳክረው። ደግሞ ሪኮል ወጣ ማለት ርካሽ ሞተር ነው ማለት አይደለም። ሮያል ኢንፊልድ እንኳ በ2020 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ፣ ከአውሮፓና ከደቡብ ኮሪያ ወደ 15,200 ሞተሮች ጠርቷል፤ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ካሊፐሩን (ጎማው ጋ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን) እየበላው ነው ብሎ።

መካኒክ ከፒያሳ፦
ስማኝ ልጄ። አየር ማስወጣት የፋብሪካ ጉድለት አያድንም። ማስተሩ ውስጥ ፒስተኑ ላይ ጎማ አለች። ስትጨብጥ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚገፋው ያ ፒስተን ነው፣ ጎማዋ ካላጠበቀች ዘይቱ በጎኗ ወደ ኋላ ያልፋል። ውጭ ጠብታ አታይም፣ እጀታው ግን ይሰምጣል። ቆመህ ሞክረው፦ ጨብጠህ ሳትለቅ ያዘው። ቀስ እያለ ወደ መሪው ከወረደና የትም የሚያፈስ ከሌለ ማስተሩን ጠርጥር። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር ነው። ማንም በቤንዚን እንዳያጥባት፣ ጎማዋ ታብጣለች። ዘይቱንም አትናቀው፣ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት የጠጣው ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል፤ ያን ቁልቁለት ፍሬን እንደያዝክ ስትወርደው ምን ያህል እንደሚግል አስበው። ሃርሊ ዴቪድሰን በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 175 ሺህ ገደማ ሞተር የጠራው በዚሁ ዘይት ነው፤ በየ2 ዓመቱ ሳይቀየር ሲቀር የኤቢኤሱን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን) ቫልቭ የሚያጣብቅ ቆሻሻ ይሠራል።

ከደባርቅ፦
እኔም ደርሶብኛል። ሁለተኛ እጅ ነህ ቢሉህ አትመለስ፤ ጉድለቱ የሻንሲው እንጂ የገዢው አይደለም። እውነቱን ለመናገር ውጭ የወጣ ሪኮል እዚህ ያለውን አስመጪ ላያስገድደው ይችላል፣ ስለዚህ ለፋብሪካውም ለአስመጪውም በጽሑፍ ላክ። የሻንሲውን ፎቶ፣ ሊብሬውን፣ እጀታው ሲሰምጥ የሚያሳይ ቪዲዮ። በስልክ ያሉኝ ሁሉ በማግስቱ አላልንም ሆኖ ቀርቷል። ሞተሩን አዲስ አበባ ድረስ አምጣ ሲሉኝ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዕቃውን በአውቶቡስ ላኩልኝ ብዬ ተስማማን። የዕቃው ቁጥር የተሻሻለው መሆኑን ጠይቅ፤ ያው አሮጌው ዓይነት ከመጣ ምንም አልተለወጠም። ከገበያ ፎርጅድ ገዝተህ እንዳትገጥም።

የአዘዞው ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሞከርኩት፤ እስከ አስር ሳልቆጥር እጀታው መሪውን ነካ። የሚያፈስ ነገር የለም። የሻንሲ ቁጥሩም ሪኮሉ ውስጥ አለበት። ቪዲዮውን ማታ ልኬላቸዋለሁ። ሞተሩ ግቢ ቆሟል፣ ሥራ የምሄደው በታክሲ ነው። ዕቃው ሲደርስ እርስዎ ጋ ነው የማመጣው።