ከጨርቅ ንግድ ትርፍ የጥበብ ሥራ መሰብሰብ፦ ከየት ልጀምር?

ጣቃ ሻጭ (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሂርማታ ገበያ ጨርቃጨርቅ እሸጣለሁ። ሱቁን በአቡጀዲ የጀመረው አባቴ ነው። ሰሞኑን ስለ ሞስኮው ነጋዴ ፓቬል ትሬትያኮቭ አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ቤተሰቡ የተልባ እግር ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሥዕል መግዛት የጀመረው በ1856 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ1860፣ 30 ዓመት ሳይሞላው፣ በሞስኮ የሥዕል ሙዚየም ይቁም ብሎ 150,000 ሩብል ተናዘዘ። ያን ጊዜ እኮ ገና በእጁ ያለው ሥዕል ጥቂት ነው!

እኔ የማስበው የጅማን በርጩማ ነው፤ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣውን ባለሦስት እግር። ልጅ ሳለሁ ቤታችን 4 ነበረን፣ አሁን ሁሉም ፕላስቲክ ወንበር ሆኗል። በየወሩ ከትርፌ ትንሽ እየቆረጥኩ ልገዛ ነው። አሮጌውን ከየቤቱ ልፈልግ ወይስ ዛሬ ከሚጠርቡት ልውሰድ?

የሥዕል መምህር
ከሚጠርቡት ውሰድ። ትሬትያኮቭን ትልቅ ያደረገው በዘመኑ ካሉት ሠዓልያን መግዛቱ ነው። ሥራው ለኤግዚቢሽን ሳይወጣ ሠዓሊው ቤት ድረስ ሄዶ ያያል። ዋጋ ይከራከራል፣ ነጋዴ ነዋ፤ ግን ይገዛል፣ ሠዓሊውም በገንዘቡ ሌላ ይሠራል። ደግሞም ትዕግሥተኛ ነበር። ደራሲው ቶልስቶይ መልኬ አይሳልም ብሎት ዓመታት ጠበቀ፤ በ1873 ሠዓሊው ክራምስኮይ አግባብቶ ሳለለት። በ1892 ትሬትያኮቭ የራሱንና የሟች ወንድሙን ስብስብ ለሞስኮ ከተማ ሰጠ።

የጠራቢ ልጅ (ጅማ)
ጋሼ፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዋንዛ ሲጠርብ ኖሮ አረፈ። የሸጠው በርጩማ ስንት ቤት እንዳለ አላውቅም፣ አንዱም ላይ ስሙ የለም። ገዢ ዋጋ እንጂ ስም ጠይቆት አያውቅም። እባክዎ ሲገዙ የጠራቢውን ስም፣ ሰፈሩን፣ እንጨቱንና ቀኑን ይጻፉ። እንጨቱ ሳይደርቅ ተቸኩሎ ከተሠራ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቀብድ ሰጥተው ጊዜ ይስጧቸው።

ጣቃ ሻጭ (ጅማ)
እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ያልሽውን አነበብኩና ትናንት ሱቄን በጊዜ ዘግቼ አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ዘንድ ሄድኩ። ለሁለት በርጩማ ቀብድ ከፍዬ አዲስ ደብተር አውጥቼ ስማቸውን ጠየቅኳቸው። «ለደረሰኝ ነው?» አሉኝ። ለበርጩማው ነው ስላቸው መሮአቸውን አስቀምጠው ከነአያታቸው ነገሩኝ፤ ሦስቱንም ስም ጻፍኩ።