የ16 ዓመት ወንድሜ ሌሊት ዳቦ ቤት ይሠራል

ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ አንድ ዳቦ ቤት ከገባ አምስት ወሩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ሊጥ ያቦካል፣ ጠዋት ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011ን አገላብጬ አየሁት፤ 15 ሞልቶት 18 ያልሞላው ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው ይላል። ለባለቤቱ ብነግረው "ልጅ ምን ውል አለው?" ብሎ ሳቀብኝ። ደሞዙን እንኳ የሚሰጠው ለአጎታችን ነው! ወረዳ ስሄድ "ውል አምጪ" አሉኝ። የጽሑፍ ውል የለም። ያለን የልደት ካርዱ፣ ስሙ ያለበት የፈረቃ ወረቀት ፎቶና ሊመሰክሩ የተስማሙ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሥራውን እንዲያጣ አልፈልግም፣ ቀን እንዲገባ ብቻ ነው። በዚህ ማስረጃ መጀመሪያ የት ነው የማመለክተው?